ኮከቡን ሪሲቨር በውድ ማቆየት ያዋጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል የአሜሪካ ፉትቦልን የሚመለከቱትን ለይተን አንድ ላይ መልሰናል፤ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነውና፦ ሪሲቨሩን፣ ማለትም የተወረወረለትን ኳስ የሚቀበለውን ተጫዋች፣ በውድ ማቆየት ያዋጣል ወይ? ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡ ሁሉ በአሜሪካ ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ልጆቼ ሳልወድ በግድ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ አድርገውኛል። ክለቡ በኦገስት 2025 ለሪሲቨሩ ቴሪ መክሎሪን የሦስት ዓመት ማራዘሚያ ሰጠው፤ እስከ 96 ሚሊዮን የሚደርስ ነው ተባለ። ሰውየው በወሩ 30 ዓመት ሞላው። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ በጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ ቀረ። ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት ነው?

መልስ፦ ውሳኔውንና ከውሳኔው በኋላ የመጣውን ነገር ለያይተን ብናይ ይሻላል። መክሎሪን በ2019 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በሦስተኛው ዙር፣ በ76ኛ ተራ የተመረጠ ነው። ከ2020 እስከ 2024 በነበሩት አምስት ሲዝኖች ኳስ ተቀብሎ ያስገኘው ርቀት አንድም ዓመት ከ1,000 ያርድ በታች አልወረደም፤ ያውም ኳስ የሚወረውርለት ሰው በየጊዜው እየተቀያየረበት። በ2024 ደግሞ 82 ኳስ ተቀብሎ 1,096 ያርድና 13 ተችዳውን (ግብ) አስመዘገበ፤ ቡድኑ 12 ጨዋታ አሸንፎ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች የአንዱ) ፍጻሜ ዘለቀ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ግን የሌላ ሰው ውል ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ጄደን ዳንኤልስ በድራፍት በመጣበት የመጀመሪያ ውሉ ላይ ነው ያለው፤ የአራቱ ዓመት ደመወዙ ቢደመር 38 ሚሊዮን ገደማ ነው። የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በ2024 የፈረመው ውል በዓመት 60 ሚሊዮን ያስከፍላል። ኳርተርባኩ በዚህ ዋጋ በእጅ እያለ ለሪሲቨር መክፈል ካልተቻለ መቼም አይቻልም። ውሉም የሦስት ዓመት እንጂ የአምስት ዓመት አይደለም፤ ለ30 ዓመት ሰው ከዚህ በላይ መሄድ አይመከርም። «እስከ 96 ሚሊዮን» ሲባል «እስከ» የምትለዋን አይዝለሏት፤ ከፊሉ ገንዘብ የሚገኘው በውሉ የተጻፉት የውጤት ግቦች ከተሟሉ ብቻ ነው።

ክለቡ የተሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። በማርች 2025 ዲኬ ሜትካፍ ከሲያትል ወደ ፒትስበርግ ሲሄድ ለአራት አዲስ ዓመታት 132 ሚሊዮን፣ ማለትም በዓመት 33 ሚሊዮን ተሰጠው። ሜትካፍ የመክሎሪን የድራፍት ዓመት ጓደኛ ነው፤ በ2024 ያስመዘገበው 992 ያርድ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ የመክሎሪን ወኪል ብዙ መናገር አላስፈለገውም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነበር። ንግግሩ እስከ ኦገስት መጨረሻ ተጓተተ፤ ተጫዋቹ የዝግጅት ካምፑን ሳይለማመድ አሳለፈ፤ በመሃሉም ልቀቁኝ አለ። የጭኑ ጡንቻ የተጎዳው ካምፕ ስላመለጠው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ክለቡ ግን በፌብሩዋሪ ቢፈርም ዋጋውም ይቀንስ፣ ካምፑም አይባክንም ነበር።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፤ የፕሪምየር ሊግ ተመልካች ነኝ። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ክለቦች ባለቤቶች ቢሊየነሮች ናቸው ይባላል። ታዲያ ለኮከባቸው የጠየቀውን ከፍለው ለምን አይገላገሉም? ሲሸጡትስ ስንት ያገኛሉ?

መልስ፦ ሲሸጡት በገንዘብ የሚያገኙት ነገር የለም። እንደ እንግሊዝ የዝውውር ሂሳብ የሚባል አሠራር እዚያ የለም፤ ተጫዋች የሚለወጠው በሌላ ተጫዋች ወይም በድራፍት ምርጫ ነው።

መክፈሉን በተመለከተ፣ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2025 እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾቹ ማዋል የሚችለው 279.2 ሚሊዮን ነበር፤ በ2022 ጣሪያው 208.2 ሚሊዮን ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ይህን አያልፍም። 53 ተጫዋች የሚመገበው ከዚህ አንድ ማዕድ ነው፤ አንዱ 30 ሚሊዮን ሲያነሳ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ሄደ ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ካዩት «የሪሲቨር ዋጋ ሰማይ ነካ» የሚለው ጩኸት ትንሽ ይበርዳል። ታይሪክ ሂል በ2022 ከማያሚ ጋር ሲፈርም በዓመት 30 ሚሊዮን ተባለ፤ ይህ ከጊዜው ጣሪያ 14.4 በመቶ ነው። ጃማር ቼዝ በ2025 ከሲንሲናቲ ጋር በዓመት 40.25 ሚሊዮን ፈረመ፤ እሱም 14.4 በመቶ ነው። የዶላሩ ቁጥር በ10 ሚሊዮን ሲያድግ ድርሻው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ዋጋ ሲነገርዎ ሁልጊዜ የሚጠይቁት «ከጣሪያው ስንት እጅ ነው?» የሚለውን ይሁን።

የድራፍት ምርጫ ለምን እንደሚፈለግም ከዚሁ ይገባል። አዲስ ገቢ ተጫዋች ደመወዙ በተመረጠበት ተራ የተወሰነ ነው፤ አይደራደርበትም ማለት ይቻላል። ሚኒሶታ በ2020 ስቴፎን ዲግስን ለቡፋሎ ሰጥቶ ካገኛቸው ምርጫዎች አንዱ 22ኛው ነበር፤ በሱ ጀስቲን ጀፈርሰንን መረጠ። ጀፈርሰን በአራት ዓመት ጠቅላላ 13.1 ሚሊዮን ተከፍሎት 5,899 ያርድ ሰበሰበ። ዲግስም በቡፋሎ የመጀመሪያ ዓመቱ 127 ኳስና 1,535 ያርድ ይዞ ሊጉን መራ። ሁለቱም ወገን የተጠቀመበት ልውውጥ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ግን በየዓመቱ አይገኝም።

ጥያቄ፦ በየዜናው «አራት ዓመት፣ 120 ሚሊዮን» ይላሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተጫዋቹ ይባረራል። ከዚያ ደግሞ «ዴድ መኒ» የሚባል ነገር ይመጣል። ይህን ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ በሚገባ መንገድ አስረዱኝ።

መልስ፦ ለሂሳብ ሠራተኛ ከሆነ ደስ ብሎን ነው፤ እንደ ዕቃ እርጅና ሂሳብ ስለሚሠራ ቶሎ ይገባዎታል። ቁጥሩን ለማስረጃ እኛ ያወጣነው ነው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው።

ተጫዋቹ አራት ዓመት በ120 ሚሊዮን ፈረመ እንበል። ከዚህ 40 ሚሊዮኑ የፊርማ ቦነስ ነው፤ እንደፈረመ ይከፈለዋል። ቀሪው 80 ሚሊዮን መነሻ ደመወዝ ሆኖ በየዓመቱ እንዲህ ተደለደለ፦ 2፣ 22፣ 26፣ 30 ሚሊዮን። ሊጉ የፊርማ ቦነስን በጣሪያው ሂሳብ ላይ ቢበዛ ለአምስት ዓመት በእኩል ማከፋፈል ይፈቅዳል። ውሉ አራት ዓመት ስለሆነ ክለቡ አምስተኛ፣ ማንም የማይጫወትበት የይስሙላ ዓመት ይጨምርበታል፤ በየዓመቱም 8 ሚሊዮን ይመዘገባል።

ስለዚህ በጣሪያው ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ዓመት 10፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 34፣ አራተኛው 38 ሚሊዮን፣ በይስሙላው ዓመት ደግሞ 8 ሚሊዮን ነው። ደምሩት፤ 120 ይመጣል። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ዓመት 42 ሚሊዮን በእጁ ሲያስገባ ክለቡ የመዘገበው ግን 10 ብቻ ነው። የሚያጓጓውም ይህ ነው። ዕቁብን በመጀመሪያው ዙር በልቶ ከዚያ በኋላ ዙሩ እስኪያልቅ መጣል እንደማለት ነው፤ የበላው ገንዘብ ቢያልቅም መጣሉ አይቀርም።

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ክለቡ ተጫዋቹን ማሰናበት ፈለገ እንበል። ያልተመዘገበው የቦነስ ሂሳብ ሦስት ጊዜ 8፣ ማለትም 24 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ ይመጣል። ዴድ መኒ ይህ ነው፤ ሰውየው ሄዶ ሂሳቡ ይቀራል። በሦስተኛው ዓመት 34 ሊወጣ የነበረው 24 ስለሚሆን የሚተርፈው 10 ሚሊዮን ነው። ከጁን 1 በኋላ ከተሰናበተ ግን የዚያ ዓመት 8 ብቻ ተመዝግቦ ቀሪው 16 ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ በዚያ ዓመት 26 ሚሊዮን ይተርፋል። ክለቦች በየዓመቱ ሁለት ተጫዋቾችን በማርች አሰናብተው «ከጁን 1 በኋላ» ተብሎ እንዲቆጠርላቸው ማድረግ ይችላሉ።

ነገሩ የሚበላሸው «ሪስትራክቸር» የሚሉት ሲጨመርበት ነው። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ ገንዘብ አጠረውና ከ22 ሚሊዮኑ ደመወዝ 20ውን ወደ ቦነስ ቀየረ። 20ው ለቀሩት አራት ዓመታት በየ5 ሚሊዮን ይከፋፈላል፤ የዚያ ዓመት ሂሳብ ከ30 ወደ 15 ይወርዳል። ደጋፊው «ብልህ ሥራ አስኪያጅ» ይላል። በዓመቱ ሊያሰናብቱት ሲነሱ ግን ዴድ መኒው 24 ሲደመር 15፣ 39 ሚሊዮን ሆኗል። በሦስተኛው ዓመት ቢቀመጥም ሂሳቡ 39 ነው፤ ቢሄድም 39 ነው። የሚተርፍ ሳንቲም የለም። ተጫዋቹ ቢጎዳም ቢደክምም የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። ቡፋሎ በ2022 የዲግስን ውል አራዝሞ በኤፕሪል 2024 ወደ ሂውስተን ሲሸኘው 31 ሚሊዮን ዴድ መኒ ታቅፎ ቀረ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያው ሲዝን የቡድኑ ግንባር ቀደም ተቀባይ ካሊል ሻኪር በ821 ያርድ ብቻ ቢጨርስም ቡድኑ 13 አሸነፈ፤ ኳርተርባኩ ጆሽ አለንም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ስለዚህ ዜናው ላይ የሚወጣውን ጠቅላላ ቁጥር አይመኑ። ዳቫንቴ አዳምስ በ2022 ከሬይደርስ ጋር «አምስት ዓመት፣ 140 ሚሊዮን» ፈረመ ተባለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እያንዳንዳቸው ከ35 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እነሱ ለጌጥ የተጻፉ ናቸው፤ ማንም ይከፈላሉ ብሎ አልጠበቀም። በኦክቶበር 2024 አዳምስ ወደ ጄትስ ተሸኘ። የሜትካፍም 33 ሚሊዮን አዲሶቹን ዓመታት ብቻ የሚቆጥር ነው፤ ቀድሞ የቀረችው አንድ ዓመት ስትጨመር አምስት ዓመት በ150፣ ማለትም በዓመት 30 ሚሊዮን ይሆናል። ኦቨር ዘ ካፕ ወይም ስፖትራክ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ የተጫዋቹን ስም ሲፈልጉ ሦስት ዓምዶችን ይዩ፦ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው ገንዘብ፣ የየዓመቱ የጣሪያ ሂሳብ፣ ዴድ መኒ። ዴድ መኒው ከጣሪያው ሂሳብ በታች የሚወርድበት የመጀመሪያው ዓመት የውሉ እውነተኛ መጨረሻ ነው።

ጥያቄ፦ ካንሳስ ሲቲ ታይሪክ ሂልን ሸጦ ሁለት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) አከታትሎ በላ። ፊላደልፊያ ደግሞ ኤ ጄ ብራውንን በውድ ገዝቶ ዋንጫ አነሳ። እኔና ወንድሜ በዚህ ስንጨቃጨቅ ሦስት ዓመት ሆነን። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ሁለቱ ክለቦች የሚመስሉትን ያህል ተቃራኒ ነገር አላደረጉም።

በ2022 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ሪሲቨሮች ተለወጡ። ማርች ላይ ግሪን ቤይ አዳምስን በ22ኛና በ53ኛ ምርጫ ለሬይደርስ ሰጠ። በዚያው ወር ካንሳስ ሲቲ ሂልን በአምስት ምርጫዎች ለማያሚ ሰጠ፤ ከፍተኞቹ 29ኛውና 50ኛው ነበሩ። ኤፕሪል 28፣ በድራፍቱ ሌሊት፣ ቴነሲ ብራውንን በ18ኛና በ101ኛ ምርጫ ለፊላደልፊያ ሰጠ።

አሁን ዕድሜያቸውን እዩ። አዳምስ 29፣ ሂል 28፣ ብራውን ግን 24 ዓመቱ ነበር። ኳርተርባኮቹንም እዩ። የካንሳስ ሲቲው ፓትሪክ ማሆምስ በ2020 የአሥር ዓመት፣ 450 ሚሊዮን ውል ፈርሟል። የፊላደልፊያው ጄለን ኸርትስ በ2022 ገና በርካሹ የመጀመሪያ ውሉ ላይ ነበር፤ 255 ሚሊዮኑ የመጣው በሚቀጥለው ኤፕሪል ነው። ካንሳስ ሲቲ ውድ ኳርተርባክና ወደ 30 የሚጠጋ ሪሲቨር ነበረው፤ ሸጠ። ፊላደልፊያ ርካሽ ኳርተርባክ ነበረው፤ ወጣት ሪሲቨር ገዛ፣ ለአራት ዓመት 100 ሚሊዮንም ሰጠው። ሁለቱም የተመሩበት ሂሳብ አንድ ነው፤ መልሱ የተለያየው የእያንዳንዱ ቤት ሁኔታ ስለተለያየ ነው።

ብራውን በመጀመሪያ ዓመቱ 1,496 ያርድ አስመዘገበ፤ ቡድኑ እስከ ሱፐር ቦውል ደረሰ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ቴነሲ በ18ኛው ምርጫ ትሬለን በርክስን የብራውን ምትክ አድርጎ አመጣ፤ የበርክስ የሦስት ሲዝን ያርድ ተደምሮ 700 እንኳ አልሞላም። ዲሴምበር 4 ቀን 2022 ብራውን በቀድሞ ክለቡ ላይ 119 ያርድና ሁለት ተችዳውን አስመዘገበ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የቴነሲ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጆን ሮቢንሰን ተሰናበተ። የ24 ዓመት ኮከብ ሸጦ በድራፍት እተካዋለሁ ማለት እንዲህ ያደርጋል።

ካንሳስ ሲቲም ቢሆን ሪሲቨር አያስፈልግም ብሎ አልነበረም። ትራቪስ ኬልሲ ነበረው፤ በ2022 1,338 ያርድ ያመጣ ታይት ኤንድ (ኳስም የሚቀበል፣ ለወርዋሪውም የሚከላከል ተጫዋች)። ለአንድ ዓመት የፈረመው ጁጁ ስሚዝ-ሹስተር 933 ያርድ ጨመረ። ከሂል ያገኘውን 29ኛ ምርጫ ሌሎች ጨምሮበት ወደ 21ኛ ከፍ አለና ትሬንት መክደፊን ወሰደ፤ መክደፊ በ2023 ኦል ፕሮ (በቦታው ከሊጉ ምርጦች አንዱ) የተባለ ተከላካይ ሆነ። በ50ኛው ምርጫ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ የወሰደው ስካይ ሙር የተባለ ሪሲቨር ግን አልሆነም። ይህን የምንጠቅሰው ሻጩ ክለብ ገንዘቡን የት ላይ እንዳዋለ ማየት ስለሚገባ ነው፤ ሪሲቨር ሸጦ ሁለተኛ ዙር ላይ ሪሲቨር መግዛት አልሠራለትም፣ ተከላካይ መግዛቱ ሠራለት።

ማያሚስ? ሂል ለተከፈለው ገንዘብ አልሠራም ብሎ የሚል ማንም የለም። በ2022 1,710፣ በ2023 1,799 ያርድ አስመዘገበ። ቡድኑ ግን በሁለቱም ዓመት ከፕሌይኦፉ (ከጥሎ ማለፉ) የመጀመሪያ ጨዋታ አላለፈም። በ2024 ያርዱ ወደ 959 ወረደ፤ በ2025 በአራተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ ሲዝኑ አበቃ። አዳምስም በሬይደርስ የመጀመሪያ ዓመቱ 1,516 ያርድና 14 ተችዳውን ነበረው፤ ቡድኑ 6 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። ሪሲቨር ኳስ ካልተወረወረለት፣ ወርዋሪውም ለመወርወር ሁለት ሰከንድ ተኩል ካላገኘ፣ ብቻውን ጨዋታ አያሸንፍም። ወርዋሪውን የሚጠብቀው ኦፌንሲቭ ላይን ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ለሪሲቨር 30 ሚሊዮን ማፍሰስ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ በኛ አስተያየት ክለቦች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ክርክሩን ለመቋጨት ከፈለጋችሁ የ2019ን ድራፍት ተመልከቱ። በመጀመሪያው ዙር ያልተመረጡ አራት ሪሲቨሮች ነበሩ፦ ዲቦ ሳሙኤል 36ኛ፣ ብራውን 51ኛ፣ ሜትካፍ 64ኛ፣ መክሎሪን 76ኛ። በመጀመሪያው ዙር ለተመረጠ ተጫዋች ክለቡ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፤ ለእነዚህ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ሁሉም ሦስተኛ ሲዝናቸውን እንደጨረሱ በ2022 ለአዲስ ውል ተነሱ፤ ሁሉም በየዓመቱ ከ22 እስከ 25 ሚሊዮን አገኙ፤ ሁሉም ያኔ ከ24 እስከ 26 ዓመታቸው ነበር። ያ ክፍያ ለአራቱም ክለቦች መጥፎ አልነበረም። የተለያዩት በሁለተኛው ዙር ድርድር ነው። ሳንፍራንሲስኮ ሳሙኤልን በማርች 2025 ለዋሽንግተን በአምስተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ለቀቀው። ሲያትል ሜትካፍን በ52ኛ ምርጫ ሸጠ፤ የሸጠውም ቤቱ ውስጥ በመጀመሪያ ውሉ ላይ ያለ ጃክሰን ስሚዝ-ኢንጂግባ ስለነበረው ነው። ያ ልጅ በ2025 በያርድ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ሲያትልም በፌብሩዋሪ 2026 ሱፐር ቦውሉን በላ። ፊላደልፊያ ብራውንን በኤፕሪል 2024 በዓመት 32 ሚሊዮን አራዘመው። ዋሽንግተንን ከላይ አይተናል።

ለሁለተኛ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ሲሰጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል ከሎስ አንጀለስ ራምሱ ሪሲቨር ኩፐር ከፕ በላይ የሚያስተምር የለም። በ2021 145 ኳስ፣ 1,947 ያርድ፣ 16 ተችዳውን፤ በሦስቱም አንደኛ፤ የሱፐር ቦውሉም ምርጥ ተጫዋች። ራምስ በጁን 2022፣ በ29ኛ ልደቱ ሰሞን፣ ሦስት ዓመት በ80 ሚሊዮን ጨመረለት። ከዚያ በኋላ በሦስት ሲዝን የተጫወተው 9፣ 12 እና 12 ጨዋታ ነው፤ በማርች 2025 ተሰናበተ። ያንን ሲዝን አይቶ ገንዘቡን አልሰጥም የሚል ሰው ቢኖር ደፋር ነው። ቢሆንም የሚከፈለው ለሚመጣው ዓመት እንጂ ላለፈው አይደለም።

ጥያቄ፦ ሲንሲናቲ ሁለት ሪሲቨሮችን በአንድ ቀን አስፈረመ፤ ኳርተርባኩም ውድ ነው። ይህስ ምን ይባላል?

መልስ፦ ቁማር ይባላል። ጆ በሮው በ2023 አምስት ዓመት በ275 ሚሊዮን፤ በማርች 2025 ቼዝ አራት ዓመት በ161፣ ቲ ሂጊንስ አራት ዓመት በ115 ሚሊዮን። ሦስቱ በአማካይ በዓመት 124 ሚሊዮን ገደማ ይወስዳሉ፤ ለቀሩት 50 ሰዎች የሚቀረውን እርስዎ ቀንሱት። በ2024 ቼዝ 127 ኳስ፣ 1,708 ያርድና 17 ተችዳውን ይዞ በሦስቱም ሊጉን ሲመራ ቡድኑ 9 አሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀረ፤ የሚያጠቃ እንጂ የሚከላከል ቡድን አልነበረውም። በ2025 ደግሞ በሮው በሁለተኛው ጨዋታ የእግር ጣቱ ተጎዳ።

በዚህ ላይ መዘግየቱ ያስከፈለው አለ። ቼዝ በ2024 ካምፕ ላይ ማራዘሚያ ሲጠይቅ ገበያው ጀፈርሰን በጁን የፈረመው 35 ሚሊዮን ነበር። አልተስማሙም። ልጁ ሲዝኑን በሦስት አንደኝነት ጨረሰና በዓመት ከ5 ሚሊዮን በላይ ጨመረ። ለ24 ዓመት ኮከብ መክፈልዎ የማይቀር ከሆነ የሚከፍሉት ሦስተኛው ሲዝን እንዳለቀ ነው።

ጥያቄ፦ ክለቡ «ፍራንቻይዝ ታግ» ካለው ለምን ይጨነቃል? ተጫዋቹስ ካምፕ ቀርቶ ቢያምጽ ምን ይደርስበታል?

መልስ፦ ታግ ውሉ ያለቀበትን አንድ ተጫዋች ለአንድ ዓመት በግድ የማቆያ መብት ነው። ለሪሲቨር በ2025 ዋጋው 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ተጫዋቹ ሲፈርመው ገንዘቡ በሙሉ ዋስትና ያለው ሲሆን በዚያው ዓመት ሂሳብ ላይ አንድም ሳይከፋፈል ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ሲደገም 20 በመቶ ይጨምራል፤ ሂጊንስ በ2024 21.8፣ በ2025 26.2 ሚሊዮን የተባለው በዚህ ስሌት ነው። የረጅም ጊዜ ውል ካለ እስከ ጁላይ አጋማሽ መፈረም አለበት፤ ካለፈ እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አይቻልም። ታግ ጊዜ መግዣ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተጠቀሙበት ግን ውል መፈረም ይሻል ነበር።

ስለ ማመጹ፦ በነባር ውል ላይ ያለ ተጫዋች ካምፕ ቢቀር በቀን 50,000 ይቀጣል፤ ክለቡ ይቅር ልበልህ ቢል እንኳ ደንቡ አይፈቅድለትም። በመጀመሪያ ውሉ ላይ ላለ ግን ቅጣቱ አነስ ይላል፤ ሊሰረዝለትም ይችላል። የዳላሱ ሲዲ ላም በ2024 ካምፑን ሙሉ ቀርቶ በኦገስት አራት ዓመት በ136 ሚሊዮን ሊፈርም የቻለው ለዚህ ነው። ሌሎቹ የሚያደርጉት ካምፑ ግቢ መጥቶ፣ ስብሰባ ገብቶ፣ ልምምድ ላይ ግን ቆሞ ማየት ነው፤ ቅጣት የለውም። ደጋፊ «ስግብግብ» ይላቸዋል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ከነሱ በላይ የሚያውቀው ግን የለም። የጉልበት ጅማት አንድ ቀን ሲበጠስ ዋስትና የሌለው ገንዘብ አብሮ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ለልደቱ የሪሲቨር ማሊያ ይፈልጋል። ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ተጫዋቹ እንዳይሸጥብኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው ከ26 በታች፣ ባለፉት 12 ወራት የፈረመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዴድ መኒው ከጣሪያ ሂሳቡ የሚበልጥ ከሆነ ይግዙ። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ከሆነ እስኪፈርም ይጠብቁ፤ ልደቱ ካልጠበቀ የኳርተርባኩን ይግዙ። ልጁ የግድ 29 ዓመት ያለፈውን ካለ፣ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው አይግዙ፤ እስኪያድግበት ተጫዋቹ አይቆይም።